በረመዳን የሞላሁት ጥርስ

ደሴ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የጥርስ ሐኪም ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነበር። ረመዳን ገብቷል። አንድ ቀን ጠዋት ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጠን ያሉ ገበሬ ከኩታበር መጡ። ወንበሩ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጄ፣ እስቲ ንገሪኝ፤ ይኼ ነገር ጾሜን ያበላሽብኛል?»

«ካልዋጡ አያበላሽም፣ አባባ። እኔም ጾመኛ ነኝ፤ እጠነቀቅልዎታለሁ።»

ድዳቸው ሸሽቶ የአንዱ የታች ጥርሳቸው ሥር ተገልጧል፤ እዚያው ከድዱ ጫፍ ላይ ተቦርቡሯል። እንዲህ ላለ ቦታ ግላስ አዮኖመር የሚባለውን ሲሚንቶ እመርጣለሁ። ዱቄትና ፈሳሽ ነው፤ በእጅ ይለወሳል። ማኘኪያ ላይ ከባድ ጫና አይችልም እንጂ፣ ደህናውን ጥርስ ብዙ ሳልነካበት ራሱ ከጥርሱ ጋር ይጣበቃል፤ ውሎ አድሮም ጥርስ የሚያጠነክር ፍሎራይድ ያወጣል። ጠባዩ ግን ችኩል ነው። ያስተማሩኝ መምህር «ላዩ እያብረቀረቀ ካልገባ ጣሉት። ከደበዘዘ በኋላ አይዝም» ይሉን ነበር።

ለውሼ እንደጨረስኩ ስልኬ ጮኸ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራው እህቴ ናት። ለማፍጠሪያ እንደምትመጣ ልትነግረኝ ነው። ቆይቼ ልደውልላት ስችል ጓንቴን አውልቄ አነሳሁት። ሾርባውን ማን ይሥራ፣ ቴምሩን ማን ይግዛ ስንባባል ጊዜው ሄደ። ስመለስ የለወስኩት ደብዝዟል። ብልቃጡ ውስጥ የቀረው ዱቄት ደግሞ ለአንድ ጥርስ ብቻ ነው፤ ከሰዓት ሌላ ቀጠሮ አለኝ። አየሁት፣ አወቅሁት፣ ሞላሁት። እላዩ ላይ ቫዝሊን ቀባሁና «አንድ ሰዓት ምንም እንዳይቀምሱ» አልኳቸው፤ ለሁሉም የምለው ነው። መርቀውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ተመልሰው መጡ። ሙሌቱን በወረቀት ጠቅልለው ይዘውታል።

«ወደቀብኝ» አሉ።

በሩ ክፍት ነበር። ውጭ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፤ ከኩታበር የመጡም ነበሩባቸው። ለምን እንደወደቀ አውቃለሁ። ሰው ፊት ጥፋተኛ መሆን ግን ጨነቀኝ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«ሳይደርቅ በልተውበታላ! አንድ ሰዓት ይታገሡ አላልኩዎትም?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ።

«በረመዳን? በጠራራ ፀሐይ? ወላሂ፣ ለዙሁር ሶላት ውዱእ ሳደርግ፣ አፌን ስጉመጠመጥ ነው የወደቀው።»

ውጭ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው «ሲጉመጠመጡ ነው አሉ» እያለ በፌዝ ለጎረቤቱ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። ያን ጊዜ «ተሳስቼ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብል በዚያው ያልቅ ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። በሩን ዘጋሁና አዲስ ዱቄት አስመጥቼ፣ ስልኬን አጥፍቼ እንደገና ሞላሁላቸው። እሳቸው ሲወጡ አልመረቁኝም።

ዒድ ካለፈ በኋላ አንዲት የኩታበር ሴት ልጇን ይዛ መጣች። የልጅቷን ጥርስ እያየሁ ሳለ እንደ ቀልድ አነሳችው።

«እኚያ እዚህ የተጋለጡት ሽማግሌ፣ ጾም ሲበሉ በሐኪም ተያዙ ተብሎ አገር ምድሩ ያወራባቸዋል። መስጊድ ፊተኛው ሰልፍ ላይ ነበር የሚቆሙት፤ አሁን ከኋላ ናቸው አሉ።»

መስተዋቷን ከልጅቷ አፍ አወጣሁ። ፊቴ ሲግል ታወቀኝ። ለአንድ ሳምንት ያህል «እሄዳለሁ» እያልኩ ሰበብ ስፈልግ ከረምኩ፤ በመጨረሻ ቅዳሜ ዕለት ወደ ኩታበር የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሽማግሌውን አጠያይቄ፣ ከአራት ጎረቤቶቻቸው ጋር አጥር ሲያጥሩ አገኘኋቸው። ወደ ጎን ገለል እንዲሉልኝ ለመንኳቸውና ቀስ ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስልኩን፣ የደበዘዘውን ሲሚንቶ፣ እያወቅሁ መሙላቴን፣ እያወቅሁ ጥፋቱን እሳቸው ላይ መለጠፌን።

«አፉ ይበሉኝ፣ አባባ።»

«ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አሉ። «እኔማ አለመብላቴን አውቃለሁ። ለነሱ ንገሪያቸው።»

በእጃቸው ወደ ጎረቤቶቻቸው አመለከቱ። ሰዎቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩን ነበር። ወደ እነሱ ስሄድ ያቺ አሥር እርምጃ ረዘመችብኝ። «እሳቸው ጾማቸውን አልበሉም» አልኩ። «ሙሌቱ የወደቀው እኔ ስላበላሸሁት ነው። ሰው ፊት የዋሸሁት እኔ ነኝ።» አንደኛው ሙሉውን ያልሰማ መስሎ «እንዴት ነው ያልሽው?» አለኝና እንደገና ከመጀመሪያው አስባለኝ። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይከብድ ነበር። በዕድሜ የሚያንሰው ጎረቤት መጥረቢያውን አስቀምጦ ሄደና የሽማግሌውን ትከሻ ሳመ። የቀሩት መሬት መሬት ያያሉ።

«ጁምዓ ዕለት ለኢማሙም እንነግራለን» አለ አንዱ።

ሽማግሌው መኪና መያዣው ድረስ ሸኙኝ። ሚኒባሱ ሲመጣ በሩን ያዙልኝ።

«አፉ ብዬሻለሁ፣ ልጄ። አላህም አፉ ይበልሽ» አሉ። «ጥርሴን ግን ከእንግዲህ ሌላ ሐኪም ጋ ነው የማሳየው።»

«እሺ፣ አባባ» ብዬ ገባሁ።