ፎቅ የወጣው ፈረስ

በሕይወቴ እምላለሁ፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ቢላ በምትባል ከተማ ለአንድ ቀኛዝማች ከታች የፈረስ ጋጣ፣ ከላይ መኖሪያ ያለው የእንጨት ቤት ነደፍኩ። ክረምቱን ሙሉ የጠረብኩት የዝግባ ምሰሶ ከቆመ በኋላ ቀኛዝማች መጡና በከዘራቸው መቱት።

«አገሩ በፈረሴ ስም ‹አባ ዳማ› ይለኛል። ስሜ የቆመበትን ረግጬ ልተኛ? እሱ ላይ፣ እኔ ታች። አለዚያ አፍርሰው።»

«ያ ጎፍታ፣ ጌታዬ፣ ፈረስ ደረጃ ይወጣል እንጂ አይወርድም።»

«አናጢ ነህ ወይስ ፈረስ?»

ደሜ ፈላ። ቢሆንም ድካሜ እንዳይፈርስ ሰፊ ደረጃ ሠራሁ። ፈረሱ ወጣ፤ አልወርድም አለ። ቀኛዝማች በእግራቸው ችሎት ሲሄዱ እሱ በመስኮት ያያቸዋል፤ ከተማው ባርኔጣውን እያወለቀ ለፈረሱ እጅ ይነሣል።

እሺ፣ አንዷን ጨምሬያለሁ፦ እጅ የምነሣው እኔ ብቻ ነበርኩ።