ቀይዋ ላም እሺ አለች

ጌታን ለማታለል የሞከርሁት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም በጾመ ፍልሰታ። ጾም ላይ ያለ ሰው የሚያደርገው ሥራ አልነበረም፣ ግን አደረግሁት።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ከወረታ ወረድ ብሎ፣ ክረምት ሲገባ ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ዳር እንኖር ነበር። ከቤታችን አለፍ ብላ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። እንስራዬ የእሷ ሥራ፣ ድስቴ የእሷ ሥራ፣ የጠላ ጋኔ የእሷ ሥራ። እሷ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከደጄ አልፋ ገብታ አታውቅም፤ እኔም ቤቷን አላውቀውም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት፣ በዓይኗ ሰው ትበላለች ይባላል፤ እኔም የተባለውን ሁሉ አምን ነበር። በእሷ ድስት የበሰለውን ስበላ ግን አንድ ቀን እንኳ ትን ብሎኝ አያውቅም።

ነሐሴ እንደገባ ይቺው ሴት ደጄ ላይ ቆማ «እትዬ፣ ልጄን ክርስትና ያንሱልኝ» አለችኝ። ልጅቱ የተወለደችው በሰኔ መግቢያ ነው፤ ሰማንያ ቀኗ ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ ይሞላል። ሴት ልጅ ደግሞ ያለ ክርስትና እናት አትጠመቅም። የእናቲቱ ዘመዶች ያሉት ከአንበሳሜ ወዲያ ነው፤ መንገዱን ውኃ ዘግቶታል። ከጎረቤት ሦስት ቤት ጠይቃ ሦስቱም ሰበብ ፈጥረው መልሰዋታል። የቀረሁት እኔ ነበርሁ።

እሺ ብል ሰው ምን ይለኛል? ደግሞ ሁለት ልጅ ቀብሬ አንድ የቀረኝ ሴት ነኝ፤ የቡዳ አበልጅ ሆኜ እሱንም ባጣስ? በእውነት ፈርቼ ነበር። እምቢ ማለቱም ኃጢአት ሆነብኝ። ስለዚህ ፊቴን የጸሎተኛ አስመስዬ «ሱባኤ ልያዝና ፈቃዱን ልጠይቅ» አልኋት። እንዲህ ያለችን ሴት ማንም አይከራከራትም።

በሦስተኛው ቀን «ጌታዬ፣ ፈቃድህ ከሆነ ነገ ጠዋት ቀይዋ ላም ከበረት ቀድማ ትውጣ» ብዬ ለመንሁ። ቀይዋን የመረጥሁት ዐውቄ ነው። ሰነፍ ናት፤ በዱላ ካልሆነ ከተኛችበት አትነሣም። በማግስቱ የበረቱን መዝጊያ ብከፍት ሌሎቹን ገፍታ በፊቴ ሮጠች። ጉደኛ። እንስሳ ምን ያውቃል ብዬ ተውሁት።

ቀጥዬ «ነገ እስከ ቀትር ዝናብ ካልጣለ እሺ ነው» አልሁ። በነሐሴ፣ ያውም በፎገራ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ አላባራም ነበር። በማግስቱ ሰማዩ ጥርት አለ። ባሌ እርጥብ ጋቢውን ፀሐይ ላይ እያሰጣ «ዛሬ ደግሞ ምን ታየ?» ይላል።

በመጨረሻ ሕልም ለመንሁ። እንደ ግንድ ተጋድሜ አደርሁ፤ አንዳች ነገር አላየሁም። ይኸው እምቢ አለ ብዬ፣ ደስ ብሎኝ፣ ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው ሄድሁ።

አባ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። መስቀል ተሳለምሁና «አባ፣ ጌታ አልፈቀደም» አልኋቸው።

«በምን ዐወቅሽ?»

ላሟንም ፀሐዩንም ሳልደብቅ ነገርኋቸው፤ ለንስሐ አባት አይዋሽም። ሰምተው ሲጨርሱ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ላሟ እሺ አለች፤ ሰማዩም እሺ አለ፤ እምቢ ያለው እንቅልፍሽ ብቻ ነው» አሉኝ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ልጄ፣ ሱባኤ የሚይዘው መንገዱ የጠፋበት ሰው ነው። ሕፃን ይጠመቅ ወይ ተብሎ ሱባኤ አይያዝም። ይልቅ ወደ ኋላ የሚጎትትሽን ድምፅ መርምሪው፤ የጌታ ነው ወይስ የወረታ ገበያ?» አሉ።

«የገበያው ነው፣ አባ» አልሁ። «ደግሞ ለልጄ እፈራለሁ።»

«ፍሪ» አሉኝ። «እየፈራሽ አንሻት።»

ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ እየፈራሁ አነሣኋት። ከቅዳሴ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቷ ገባሁ። ልጅቱን እንዳቀፍሁ እናቲቱ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አበልጅ ሆነናልና «አንቺ» ትለኝ ጀምራለች።

«እኔም ሱባኤ ይዤ ነበር» አለችኝ።

«ስለ ምን?»

«ስላንቺ። ልጄን ለዚህች ሴት ልስጣት ወይ ብዬ።»

ሳቄ መጣ። «ታዲያ ምን ተባልሽ?»

«ምንም። ፍርሃቱም አልለቀቀኝ። አድጋ እናቴ ብላ ስትመጣብሽ ሰው ፊት ታሳፍሪያት ይሆን እያልሁ ፈራሁሽ።»

ሳቄን ተውሁና ልጅቱን ጠበቅ አድርጌ አቀፍኋት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሷን ስፈራ፣ እኔን የሚፈራ ሰው ይኖራል ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።