በአበባ መደብ ላይ የተጎዘጎዘ ቄጠማ

ባንቺአየሁ ጣና ዳር ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አትክልተኛ ነበረች፤ ሰው ሁሉ «ጓድ» በሚባባልበት ዘመን። የመሸንቲ ገበሬ ልጅ ናት። ከሰው ይልቅ ለአፈር ታዝናለች እያሉ የሚያሟት አልጠፉም፤ ሐሜቱ ደግሞ እውነትነት አላጣም።

በ1975 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የግቢው ውኃ በሦስት ቀን አንዴ ብቻ መምጣት ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ጓድ ዳኘው ከበሩ ግራና ቀኝ ያሉትን የአበባ መደቦች አየት አድርጎ፣ «በሚያዝያ እንግዶች ሲመጡ ደርቀው ከተገኙ አስነሥቼ ቦታውን የትራክተር ማቆሚያ አደርገዋለሁ» አላት። ችግኞቹን ከዘር ጀምራ ያሳደገቻቸው እሷ ናት።

ፀሐይ እርጥበቱን እንዳትመጥበት አፈሩ ልብስ ያስፈልገዋል፤ ይህን ባንቺአየሁ ታውቃለች። ግን ምን ታልብሰው? ከአናጢዎች ሰጋቱራ ለምና ነሰነሰች፤ የሐይቁ ነፋስ አንሥቶ የሒሳብ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አራገፈው። የጤፍ ጭድ አመጣች፤ ወሬውን ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ የሰፈሩ አህዮች በአጥሩ ቀዳዳ ገብተው ጭዱንም ሦስት ችግኝም በሉ። በመጨረሻ ለበዓል ቤቷ የምትጎዘጉዘው ቄጠማ ትዝ አላት። ቄጠማው ሲጠረግ ከሥሩ ያለው መሬት ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እንዴት እስካሁን አላሰብሁትም ብላ በራሷ ሳቀች፤ በማግሥቱም ማጭዷን ይዛ ወደ ሐይቁ ወረደች፤ ያጨደችውንም በመደቦቹ ላይ ጎዘጎዘችው።

እንግዶቹ የሚመጡ ዕለት ጠዋት ለክብራቸው ብላ ትኩስ ቄጠማ ደረበችበት። አበዛችው። ስንዝር የማይሞሉት ችግኞች ከሥሩ ጠፉ።

የእንግዶቹ መሪ ጓድ መርስዔ ኀዘን የሚባሉ ሽበታም ሰው ነበሩ። ከመኪና ወርደው ያን ለምለም ጉዝጓዝ ሲያዩ ፊታቸው በራ። ቄጠማ ተጎዝጉዞለት በሲሚንቶው መንገድ የሚሄድ እንግዳ የት አለ? መደቡ ላይ ወጡና ቀጥ ብለው ሄዱ። ስምንት ሰው ተከተላቸው፤ ዳኘውም ከኋላ።

«ጌታዬ፣ እሱ እኮ ለአበባው ነው» አለች ባንቺአየሁ፣ «ጓድ» ማለቱም ጠፍቶባት።

ሰውዬው ቆሙ። እግራቸውን ቢያነሡ ጫማቸው ጥቁር ጭቃ ለብሷል። ወደ ዳኘው ዞሩ። «ውኃ የለም አላላችሁም?»

«በሦስት ቀን አንዴ ነው ጓድ።»

«ታዲያ በሚያዝያ ፀሐይ ይኼ ጭቃ ከየት መጣ?»

«የዛሬ ሦስት ቀን ያጠጣሁት ነው» አለች እሷ። «ቄጠማው ይዞልኝ ነው።»

ጓድ መርስዔ ኀዘን ጫማቸውን ደጋግመው አዩና በሳቅ ፈነዱ። ከዚያም በጣታቸው እየቆሙ ወደ ሲሚንቶው ተመለሱ፤ ሌሎቹም እንደሳቸው። እንግዶቹ ወደ አዳራሽ ሲገቡ ዳኘው ግን ወደ ኋላ ቀረት አለ።

«ለትራክተሩ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን» አላት። ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «እኔ የረገጥሁት የትኛውን ነው?»

ባንቺአየሁን በደስታ እንባ እንባ አላት፤ ይሉኝታ ግን አልያዛትም።

«ይኸን፣ ይኸን፣ ያንንም» አለችው።