በባሏ ክንድ

ሹኩሪያ አሞኛል ብላ አታውቅም። ሐይቅ ከተማ ስታድግ እናቷ የመከረቻት እንዲህ ነበር፦ ሰው እንዴት ነሽ ካለሽ አላህን አመስግኚ፤ የቀረው የቤትሽ ገመና ነው። ዓረብ አገር፥ ሻርጃ መጥታ ሰው ቤት ስትሠራ ደግሞ ትምህርቱ ጠነከረ። ታመምኩ የምትል ሠራተኛን የምትወድ ማዳም የለችም። ስለዚህ ጥርሷን አሟት ጉንጯ ተነፍቶ ሳለ እንኳ “አልሐምዱሊላህ፥ ደህና ነኝ” ትል ነበር። ያያትም ሁሉ፥ አቤት የሰው ነገር፥ ጉንጯን ትቶ አፏን ያምናል።

ጀሚልን ካገባች በኋላ ሮላ ሰፈር ውስጥ በጂፕሰም ግድግዳ የተከፈለች አንዲት ክፍል ተከራዩ። ጀሚል የልብስ ማጠቢያ ቤት፥ የላውንደሪ ሾፌር ነው፤ ሲያዩት ቁጡ፥ ሚስቱ ካስነጠሰች ግን እሱ ራሱ የሚተኛ። ከጂፕሰሙ ወዲያ ጌጤ ትኖራለች፤ የአርሲ ልጅ፥ የወንጌል አማኝ፥ ከመጣች ገና ብዙ ያልቆየች። ማኅበሯ የሚያመልክበት የኪራይ አዳራሽ በኮሮና ከተዘጋ ወዲህ ጸሎቱ በስልክ ሆኗል። በዚህ የተነሳ ሹኩሪያ ሳትፈልግ የምእመኑን ሁሉ ችግር ታውቃለች፤ ጌጤም በተራዋ የእነሹኩሪያን።

ሹኩሪያ ያረገዘችው በዚያው በክፉው ዘመን ነው። ክሊኒኩ “ካልጠራናችሁ አትምጡ” አለና ክትትሉ በስልክ ሆነ። ዶክተሯ ሶሪያዊት ናት። ለመጨረሻ ጊዜ በአካል ሲገናኙ የደም ግፊትሽ ከፍ ከፍ እያለ ነው፥ መለኪያ ግዢ፥ በየሳምንቱ እደውላለሁ አለቻት። “ራስሽን ካመመሽ፥ እግርሽ ካበጠ፥ ዓይንሽ ከደበዘዘ ደግሞ ጥሪዬን አትጠብቂ። አንቺም ልጅሽም የምትተርፉት ከነገርሽኝ ነው።”

ሹኩሪያ ምክሩን በሚገባ ሰማች፤ ስልኩ ሲደወል ግን ያደገችበት ወግ ቀደመ። ዶክተሯ “ራስሽን ያምሻል?” ስትላት “አልሐምዱሊላህ። አንቺስ ዶክቶራ፥ ልጆች ደህና ናቸው? እናትሽስ?” ትላለች። “እግርሽስ?” “አላህ ይመስገን።” ዶክተሯ የሚጠብቋት ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ምስጋናውን እንደ መልስ ትቀበልና ወደ ግፊቱ ቁጥር ታልፋለች።

ምስጋና ግን ቁጥር አይሆንም። መለኪያው አንድ ቀን ክንዷን አንቆ ከፍ ያለ ቁጥር አወጣ፤ ሹኩሪያ ማሽኑን እንደ ጠላት አየችው። ቁጥሩን ከተናገረች ሆስፒታል ያስገቧታል፤ ሆስፒታል ባል አይገባም፤ በዚያ ላይ ገብተው የቀሩ ሰዎች ወሬ ሮላን ሞልቶታል። ብቻዋን መሞትን ፈራች፥ እውነቱ ይኼው ነው። ስለዚህ ማሽኑን ጀሚል ክንድ ላይ አሰረችው።

“እኔን ምን ልታደርጊኝ ነው?” አለ ጀሚል።

“ይሠራ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዶክተሯ የሚነገረው የጀሚል ግፊት ሆነ። ዶክተሯ “ማሻአላህ፥ በጣም ቆንጆ ነው” አለች። እርግዝናው ለጀሚል ተስማምቶት ነበር።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባል የለ? አንድ ማክሰኞ ጀሚል ሹግሉ ላይ፥ መኪና እየነዳ ሳለ ሹኩሪያ ራሷን ሊፈልጣት ደረሰ፤ ዓይኗ ፊት ጭጋግ ቆመ። የዶክተሯ ጥሪ ደግሞ ደርሷል። ክንድ የለም። በጀሚል ነጠላ ጫማ፥ እግሯ አብጦ የራሷ እምቢ ካላት ሰንብቷልና፥ እየጎተተች ጌጤ በር ላይ ቆመች።

“ጌጥዬ፥ ክንድሽን ላንድ አፍታ አውሺኝ።”

“ለምንሽ?”

ሹኩሪያ ነገረቻት። ጌጤ ስትሰማ ቆይታ እጇን ከጀርባዋ ደበቀች።

“ደሜን ስጪ ብትዪኝ እሰጥሻለሁ። ክንዴን ግን ለዚህ አልሰጥም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፥ ሹኩርዬ። አምጪ የራስሽን!”

አሰረችላት። ማሽኑ ነፍቶ ነፍቶ ሲተነፍስ የወጣውን ቁጥር ሁለቱም አዩት። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ጌጤ አረብኛዋ ከ“ያላ” እና ከ“ኸላስ” አያልፍም፤ ስለዚህ ከሹኩሪያ በቀር የሚናገር አልነበረም።

“እንዴት ነሽ ሹኩሪያ?”

“አልሐምዱ...” አለችና ቆመች። ጌጤ እጇን ጨብጣ ይዛታለች። ልጇ በሆዷ ተንቀሳቀሰች። “ዶክቶራ፥ ደህና አይደለሁም። አሞኛል። ዓይኔ በደንብ አያይም። እስካሁን የነገርኩሽ ቁጥር የባሌ ነው።”

“የማን?”

“የባሌ። እሱ ወላሂ ምንም አልሆነም።”

ዶክተሯ “አድራሻሽን ንገሪኝ፥ አምቡላንስ እየላክሁ ነው” አለች።

ሆስፒታል እንደፈራችው ባል አላስገባም። ጀሚል የላውንደሪውን መኪና በሩ ላይ አቁሞ፥ የሰው ልብስ እንደጫነ፥ ሲያለቅስ ዋለ። ሴት ልጁን መጀመሪያ ያያት በስልክ ነው፤ ያለ ጊዜዋ የመጣች፥ መዳፍ የምታህል፥ ድምፅዋ ግን የጌጤን ጸሎት የሚያስንቅ። ሹኩሪያ ብቻዋን ነበረች፤ አልሞተችም።

ቤቷ ከገባች በኋላ ሐይቅ ደወለችና ለእናቷ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት፤ ራስ ምታቱን፥ ፍርሃቷን፥ የጀሚልን ክንድ። እናቷ በጀሚል ክንድ ትስቃለች ብላ ነበር። አልሳቀችም።

“እማ?”

“አለሁ” አለች እናቷ። “ካነሳሽውስ እኔም ልንገርሽ፥ አትጩሂብኝ ብቻ። ቀኝ ዓይኔ ማየት ካቆመ ከረመ። ግራው ደግሞ ሰሞኑን ጀምሮታል። አንቺ እንዳታስቢ ብዬ ነው።”

ሹኩሪያ ልትቆጣ ፈለገች፤ በምን አፏ ትቆጣ? ልጇን ደረቷ ላይ አስተኝታ “ፈርተሽ ነበር እማ?” ብላ ጠየቀቻት።

“አዎ ልጄ፥” አለች እናቷ፤ “በጣም ፈርቻለሁ።”