አበቦቹ በጋሪ የሄዱበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን፣ መንገድ ዳር ከተደረደሩ ችግኞች መካከል ቆሜ ጽጌረዳ ስመርጥ አንዲት ወጣት አጠገቤ መጥታ ቆመች። ጃኬቷ ውስጥ የሸጎጠቻት ድመት ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ ገበያውን ትቃኛለች። ልጅቷ ሻጩን፣ «ቤት ውስጥ የሚሆን ፈልጌ ነበር፤ ድመት ብትበላው የማይጎዳት የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችው። ሻጩ መጀመሪያ ድመቷን፣ ቀጥሎ ልጅቷን አየና፣ «እህቴ፣ እኔ አበባ ነው የምሸጠው፤ ድመት እዚህ ምን ቤት ናት?» አላት። ሳቄ አመለጠኝ። በልጅቷ አልነበረም የሳቅኩት። ይህንኑ ጥያቄ ይዛ፣ አበባ በጋሪ አስጭና የሄደች ሴት ትዝ ብላኝ ነው።

ሴትየዋ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እታለም ነበር የምንላት። እኔ ጎረቤላ ተወልጄ አድጌ፣ ለመምህርነት ልሠለጥን ደብረ ብርሃን ስመጣ ያረፍኩት እሷ ቤት ነው። ባለቤቷ ካረፉ ቆይቷል፤ ልጅም አልወለዱም። ቤቷ ግን ጭር ያለ አልነበረም፤ በአበባ የተሞላ ነው። በዘይት ቆርቆሮ፣ በወተት ጣሳ፣ አፉ በተሸረፈ ማሰሮ፣ እጀታው በተነቀለ ባልዲ ተክላቸዋለች። የአብዛኞቹን ስም ስለማታውቅ በጠባያቸው ነበር የምትጠራቸው፤ ውሃ የማይበቃውን «ሆዳሙ»፣ ቦታ ሲቀየርባት የምትጠወልገውን «አኩራፊዋ»።

ከሁሉም የምትሳሳው ዝንጉርጉሬ ለምትለው ተክል ነበር። ቅጠሉ ሰፋፊ ሆኖ አረንጓዴው ላይ ነጭ ቀለም የተረጨበት ይመስላል። ባለቤቷ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያመጡላት ነው። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ከዚህ ተክል ትንሽ ቆርጣ እንድትሰጣት ለምናት፣ እታለም «ይታመምብኛል» ብላ ከለከለቻት። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ሰላምታ ከአንገት በላይ ሆነ።

ኅዳር ላይ ቤተሰብ ልጠይቅ ጎረቤላ ወርጄ ነበር። የቤታችን ውሻ ወልዳ ደረስኩ። ከቡችሎቹ አንዱ፣ ቡላ መልክ ያለው፣ ጫማዬ ላይ ተኝቶ አልነሳም አለ። በዚያው ወደድኩት፤ ስሙንም በመልኩ ቡላ አልኩት። እናቴ በሶና ቆሎ ስትቋጥርልኝ እኔ ቡችላውን በጋቢዬ ጠቀለልኩትና አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጭጋጉ ገደሉን ሁሉ ሸፍኖት መንገዱ በደመና ላይ የሚሄድ ይመስል ነበር። ቡችላው እዬዬ ማለት ሲጀምር አጠገቤ የተቀመጡት እናት የሆዴ ጩኸት መስሏቸው ዘወር ብለው አዩኝና፣ «የኔ ልጅ፣ ቁርስ ሳትበይ ነው የወጣሽው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ከያዙት ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ፤ እኔና ቡላ ተካፍለን በላነው።

እታለም በሩ ላይ ቆማ ተቀበለችን። «ውሻ ከዚህ በር አያልፍም» አለች። «ግቢ ውስጥ ማዳበሪያ አንጥፊለት።»

ደብረ ብርሃን የኖረ ሰው የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ ያውቀዋል። ጠዋት ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ደጅ ያደረ የባልዲ ውሃ ፊቱ መስታወት ይሆናል። እታለም በዚህ ወቅት በረንዳው ላይ ያሉትን አበቦች በሙሉ ቤት ውስጥ ታስገባለች። የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ የመጨረሻውን ጣሳ አቅፋ ስትገባ ቡላ ደጃፉ ላይ ተኮራምቶ ሲንቀጠቀጥ አየችው። ቆም አለች።

«አበባውን ከውርጭ ሸሽጌ ይህን ነፍስ ውጭ ላሳድረው?» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አልገባኝም። «ይግባ እንግዲህ። ውርጩ እስኪያልፍ ብቻ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ቡችላውና አበቦቹ አንድ ክፍል ገቡ። በማግስቱ ጠዋት በሶዬን ስበጠብጥ ከጓዳ በኩል ሰቅጣጭ ጩኸት ሰማሁ። ቡላ ምራቁን እያዝረበረበ አፉን በእግሮቹ ይፈትጋል። አጠገቡ የዝንጉርጉሬ ቅጠል ታኝኮ ወድቋል። የቱን እንደምይዝ ጠፋኝ። እታለም ግን ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የምትለብሳትን ነጠላ ከሣጥኗ አወጣች፤ ቡችላውን ጠቀለለችበትና ጋሪ ልታስቆም ወጣች። የወደቀውን ቅጠል ረግጣው ነው ያለፈችው።

የእንስሳት ክሊኒኩ ግቢ በበግና በበሬ ተሞልቷል። ተራ የሚጠብቁ አንድ ገበሬ ነጠላው ውስጥ ያለውን ገልጠው አዩና፣ «ይለፉ፤ ሕፃን ነው» ብለው መንገድ አስለቀቁልን። ሐኪሙ ወፈር ያለ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር።

«ምን በላ?»

«ዝንጉርጉሬን» አለች እታለም።

«የማን ዝንጉርጉሬን?» አለ ሐኪሙ ግራ ተጋብቶ። ዶሮ የበላ መስሎት ኖሯል።

ቅጠል መሆኑን ነግሬው መልኩን ስገልጽለት ገባው። አፉን በብዙ ውሃ አጠበለት። የተክሉ ጭማቂ አፍና ምላስ እንደሚያቃጥል፣ ጉሮሮው ካላበጠ ግን እንደሚድን አስረዳን። ግድግዳው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እታለም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልያለች፤ እኔ የቡላን ትንፋሽ አዳምጣለሁ። ፀሐዩ መሞቅ ሲጀምር ሐኪሙ ወተት በትንሽ ሳህን አቀረበለት። ቡላ አሸተተው፤ ተወው፤ ተመልሶ ላሰው። ከዚያ የእታለምን ጣት ላሰ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በመዳፏ ጠረገች።

ስንወጣ ሐኪሙ፣ «ቤት ውስጥ ያሉትን ቅጠሎች አምጡና አሳዩኝ፤ የሚጎዳውን እለይላችኋለሁ» አለን።

በማግስቱ እታለም ጋሪ አስመጣችና አበቦቿን አንድ ሳታስቀር አስጫነች። እኔ ባልዲውን አቅፌ፣ እሷ ዝንጉርጉሬን አቅፋ፣ ቡላ በመካከላችን፣ ከተማውን አቋርጠን ሄድን። ሰው ከየሱቁ እየወጣ ያየናል። «ሠርግ ነው?» ያለንም ነበር። ሐኪሙ ጋሪውን ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«እማማ፣ እኔ እኮ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ቅጠል ነው ያልኩት።»

«ቅጠላቸው ሲበጠስ አልወድም» አለች።

ጣሳዎቹን ግቢው ውስጥ ስናወርድ አንድ በግ ከባለቤቱ እጅ አምልጦ በሶብላዋን እስከ ግንዷ ጋጣት። ገበሬዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ሐኪሙም፣ «በሶብላ ለውሻም አይከፋም። በግ የበላው ሁሉ ግን ለውሻ ይሆናል ማለት አይደለም» አለና ቁጢጥ ብሎ መለየት ጀመረ። ጽጌረዳውን፣ የጥብስ ቅጠሉን፣ እንደ ሣር ረዛዝሞ ነጭ መስመር ያለበትንና ልጆቹን ቁልቁል የሚያንጠለጥለውን «ሆዳሙን» በቀኝ አደረጋቸው፤ እነዚህ አይጎዱም። እንዳሁላውንና እሬቱን በግራ።

«እሬት መድኃኒት አይደለም እንዴ?» አለች እታለም።

«ለሰው ቁስል ይሆናል። ውሻ ከበላው ግን ሆዱን ያውከዋል።»

«አኩራፊዋን» አገላብጦ አይቶ፣ «ይቺን አላውቃትም፤ እስካጣራ ድረስ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሏት» አለ። በመጨረሻ እታለም እቅፍ ውስጥ ወደቀረው ተክል ቀና ብሎ አየ። እሷው ራሷ በግራ በኩል አስቀመጠችው።

ወደ ቤት ስንመለስ እታለም ጋሪውን በእትዬ ዘነበች በር ላይ አስቆመችው። እትዬ ዘነበች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች።

«ቤትሽ ውሻም ድመትም የለም አይደል?» አለቻት እታለም።

«የለም። ምነው?»

«እንግዲያው ያዢ።» ዝንጉርጉሬን ከነጣሳው አስታቀፈቻት። «ውሃ አታብዢበት። ደግሞ እጅሽን ሳትታጠቢ ዓይንሽን እንዳትነኪ።»

እትዬ ዘነበች ተክሉን እንዳቀፈች በሩን በትከሻዋ ገፋ አደረገችው። «ግቡና ቁርስ ቅመሱ እንጂ» አለች፤ ድምፁ ያ ከአንገት በላይ የነበረው አልነበረም። ገባን። የገብስ ቂንጬ በቅቤ አቀረበችልን፤ ቡላም የድርሻውን በላ። ሁለቱ ሴቶች ስለ ውርጩ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ዘመድ ሠርግ አውርተው አልጠግብ አሉ። የቆየባቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያወጡት ይመስል ነበር።

ማታ እታለምን፣ «እሳቸው ያመጡልሽ ነበር እኮ፤ አይከፋሽም?» አልኳት።

ቡላ እግሯ ሥር ተዘርግቶ ያንኮራፋል። «ሲያመጡልኝ ቤቱ ይድመቅ ብለው ነው» አለች። «ይኸው ደምቋል።»

ውርጩ አለፈ፤ ጥር ገባ። ቡላን አስወጪው ያለኝ ግን አልነበረም።

ቅዳሜ ለዚያች ወጣት የማውቀውን ነገርኳት። ሊሊ የሚባለው ለድመት በፍጹም እንደማይሆን፣ ጽጌረዳና በሶብላ ግን ብዙ እንደማያሰጉ፣ የተጠራጠረችውን ተክል ከመግዛቷ በፊት የእንስሳት ሐኪም ብትጠይቅ እንደሚሻል አጫወትኳት። ሻጩም ጆሮውን አቁሞ ሰማ። ልጅቷ አመስግናኝ ስትሄድ ሳስበው፣ ዛሬ እኔ እታለም ያኔ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌያለሁ። በወጣትነቴ የዚያን ቀን ትልቁ ነገር የቡችላው መዳን ይመስለኝ ነበር። አሁን የሚታየኝ ሌላ ነው። ብቻዋን የኖረች ሴት ቤቷ ውስጥ አዲስ ነፍስ ሲገባ፣ ቦታውን ለማመቻቸት ሁለት ቀን እንኳ አልፈጀባትም። ቤት ማሳመር ማለት በውስጡ የሚኖረውን አስቀድሞ ማሰብ መሆኑን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ማስተማሯንም የምታውቅ አይመስለኝም።