ክብ ቤት ጀርባ የለውም

እናቴ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከደጃችን ደረጃ ላይ ወደቀች። የላሊበላ ደረጃ ዝናብ ሲመታው እንደ ሳሙና ያዳልጣል። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ጉልበቷ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አልታዘዝ አላት። ቤታችን ተዳፋት ላይ የተሠራ ክብ የድንጋይ ቤት ነው። ከበሩ ወጥቶ ሰው ዘንድ ለመድረስ ያንን ደረጃ መውረድ ግድ ነው። መውረድ ያልቻለ ቤት ውስጥ ይቀራል። እሷም ቀረች።

ታላቅ ወንድሟ ገነተ ማርያም አጠገብ ይኖራል። ሊጠይቃት መጥቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ "የኔ ደጅ ሜዳ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ነው። ኅዳር ጽዮን ስታልፍ በቅሎ ይዤ እመጣለሁ" አላት። ሁለቴ ሳትከራከር እሺ ብላ የማታውቅ ሴት፣ "እንዳልክ ይሁን፣ ወንድምዬ" ብላ ሻሿን አስተካከለች። እኔን ያስፈራኝ ይኼ እሺታዋ ነው።

ከሄደች እንደማትመለስ አውቄዋለሁ። መጀመሪያ ጋቢዋ ይከተላታል፣ ቀጥሎ ድስቷ፣ በመጨረሻ የጸሎት መጽሐፏ። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ የማልረጋ ሰው ነኝ። ግጥም ይዞኝ ወልድያ ሄጄ ተመልሻለሁ፤ ደሴ ሄጄ ተመልሻለሁ። የተመለስኩት ወደ ከተማው ይመስለኝ ነበር። እሷ ልትሄድ ስትል ነው ወደ ማን እመለስ እንደነበር የገባኝ።

መላውን ያመጣው ጓደኛዬ ነው። አብሮ አደጌ ነው፤ አስጎብኚ ነው፤ እንግዳ ከቀነሰ ወዲህ ግን ከኔ ጋር ግንብ ላይ ተቀምጦ ነው የሚውለው።

"ጓሮውን ክፈትላት" አለኝ። "ግድግዳውን ሰብረህ በር አውጣ፤ በሩ ላይ በረንዳ ጨምር። ከኋላ እኮ ሜዳ ነው፤ በምርኩዝም ትወጣዋለች።"

"ኋላው የት ነው?"

"ከበሩ ተቃራኒ ነዋ!"

"ክብ ቤት ጀርባ የለውም።"

"ጀመረህ ደግሞ! ግጥሙን ተውና ዶማ አምጣ።"

ለእናቴ ስነግራት ወደ ግድግዳው ዞራ አየችው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እኔ ሳልወለድ የሠራው ግድግዳ ነው።

"ያባትህን ግንብ ልታፈርስ ነው?"

"በር ላወጣለት ነው እንጂ፣ እማ።"

"ለማን ብለህ? እኔ እንደሁ ሂያጅ ነኝ።"

ዶማውን አነሣሁ። እሷም ዶማውን አይታ፣ "ስትነቅል ከላይ ጀምር" አለች። "ከታች ጀምረህ ቤቱን በላዬ እንዳትንደው። በበቅሎ እንጂ በቃሬዛ የምሄድ አይደለሁም።"

ከላይ ጀመርን። ጣሪያውን በባሕር ዛፍ ደግፈን ድንጋዩን አንድ በአንድ አወረድን፤ ከወይራ የተጠረበ ጉበን አስገባን። ለበረንዳው ቋሚ ተከልን፣ ቆርቆሮ መታን፣ ከግድግዳው ጋር ድንጋይ ደርድረን መደብ ሠራን። የጎረቤት ሴቶች ጭቃውን አቦክተው ሲለስኑ እናቴ ከአልጋዋ ሆና ትጮሃለች፦ "ጭዱ አንሷል! ሽታው ይናገራል!" ሴቶቹም ይስቃሉ። "ነይና አንቺ ጨምሪበታ!" ትላለች አንዷ።

በረንዳው ወዴት ይመልከት የሚለውን ያለ ክርክር ነበር የወሰንነው። ወደ ምዕራብ ነዋ! በዚያ በኩል መሬቱ ወደ ቆላው እየተደራረበ ይወርዳል፤ ማታ ፀሐይዋ ስትገባ ተራራው ሁሉ በየተራ ቀለም ይለውጣል። እኔ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ሳለሁ የእንግዳ ወንበር ወደዚያ አዙሬያለሁ፤ ጓደኛዬ የስንቱን ትከሻ ይዞ "እዚህ ይቁሙ" ብሏል። ይህ ከተማ ያንን እይታ ሲሸጥ ነው ያደግነው። በምሥራቅ በኩል ግን የአሸተን ማርያም ተራራ ነፋስ ይወርዳል። ስለዚህ የበረንዳውን ምሥራቃዊ ጎን እስከ ጣሪያው ድረስ በድንጋይ ዘጋነው። ብርድ እንዳይመታት ብለን ነው። እሷን አልጠየቅናትም።

ያለቀ ዕለት ትከሻዬን ይዛ ወጣች። ብርሃኑ ዓይኗን ወጋት፤ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቆላውን አየችው።

"ደግ ነው" አለች። "እግዜር ይስጣችሁ፣ ልጆቼ።"

ከዚያ በርጩማዋን በምርኩዟ እየገፋች ወደ ምሥራቁ ጥግ ወሰደችና፣ ለቆላው ጀርባዋን ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተቀመጠች።

ጓደኛዬ ደነገጠ። "እማማ! ፀሐይ የምትገባው በወዲህ ነው እኮ!"

"ትግባ! ከለከልኳት? እኔ ሳላያትም ስትገባ ኖራለች።"

በማግሥቱም እንደዚያው፤ በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ግድግዳ ታያለች። ጓደኛዬ፣ "አኩርፋ ነው" አለ። እኔ ልቧ ቀድሟት ገነተ ማርያም የሄደ መሰለኝ። ማታ ማታ ቤት ስትገባ ከሳጥኗ ልብስ እያወጣች ታጥፋለች። አንድ ጊዜ፣ "የበቅሎ ጭነት ሲበዛ አይሆንም" ብላ አንዱን ቀሚስ ለጎረቤት አሰጠች።

የገበያ ቀን ቅዳሜ ነው። የላላ ቆርቆሮ ልመታ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ሳለሁ ከግድግዳው ወዲያ ኮቴ ተሰማ። እናቴ ከታች ሆና ለራሷ ታወራለች፦

"ይቺ ያቺ አንካሳ አህያ ናት... ዛሬም ጫነባት፣ ይኼ አረመኔ።" ጆሮዋን ታቀናና፣ "እነኚህ ልጆች ናቸው፤ ይሮጣሉ።"

ቀና ብዬ አየሁ። ከግድግዳው ማዶ፣ ከጓሯችን በላይ፣ ከአሸተን የሚወርደው መንገድ ነበር። የማውቀው መንገድ ነው፤ የረሳሁት መንገድ ነው። ከመውደቋ በፊት እናቴ በዚያ በኩል ዞራ በእንስራ ውኃ ታወጣ ነበር። ከተራራው የሚወርድ ገበሬም፣ ተሳላሚም፣ መነኩሴም ጠጥቶ ያልፋል። ከእሷ ውኃ ይወስዳሉ፤ ለእሷ የማን ልጅ እንደተዳረ፣ የማንን ገብስ በረዶ እንደመታው ይነግሯታል። ምን ታገኝበት እንደነበር አስቤ አላውቅም።

አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ዱላቸውን እያንኳኩ፣ እያሳላቸው ወረዱ። እናቴ ሳሉን ስትሰማ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ ለድንጋዩ ዝቅ አለች።

"እንደምን ሰነበቱ፣ አባ" አለች።

እሳቸው አልሰሙም። አልፈው ሄዱ። እሷ እንደቆመች ቀረች።

ከጣሪያው እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ጓደኛዬን ጠርቼ፣ "ይኼ ግድግዳ ይፈርሳል" አልኩት።

"ነፋሱስ?"

"ጋቢ አላት።"

እናቴ ወደ ውስጥ ልትገባ ስትል ድንጋዩ መነቀል ጀመረ። "ይኼ ልጅ መሥራትም አይሰለቸው፣ ማፍረስም አይሰለቸው" ብላ አጉተመተመች፤ ግን አልገባችም። ግድግዳው ከወገብ በታች ሲሆን አቆምን። መንገዱ እዚያው ነበር፤ እጅ ቢዘረጉለት የሚደረስበት ያህል ቅርብ።

መጀመሪያ ያለፈችው ጀርባዋ ላይ ጭራሮ የተሸከመች ሴት ናት። ቆማ ዓይኗን አፈጠጠች።

"እንዴ! አለሽ እንዴ? ሞተች ብለውኝ!"

"ማን አባቱ ነው የገደለኝ?"

"ኧረ እኔ አላውቅም፤ ሰው ነው ያለው!"

"እንግዲህ ተነሥቻለሁ። አውርጂና ውኃ ጠጪ።"

ሴትዮዋ ሸክሟን አወረደች። እናቴ ሳቀች። ያንን ሳቅ ከክረምት ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። ከዚያ በኋላ በረንዳችን ባዶ አልሆነም። መነኩሴውም በሌላ ቀን ሲወርዱ ቆመው መስቀል አሳለሟት፣ ከእንስራው ጠጡና፣ "ለካ እዚህ ኖረሻል፣ ልጄ" አሏት። ልብስ ማጠፉ ግን አልቀረም፤ እኔም ልጠይቃት አልደፈርኩም።

ኅዳር ጽዮን አለፈች። አጎቴ ኮርቻዋ ላይ ለእናቴ ብሎ ለስላሳ አጎዛ ያነጠፈባት በቅሎ እየሳበ በዚያው መንገድ መጣ። በረንዳው ላይ አራት ሰው ተቀምጦ ያወራል።

"በይ ተነሺ፣ ሳይመሽ እንድረስ" አለ።

"መጀመሪያ ተቀመጥ እስቲ።"

አጎቴ ግራና ቀኝ አየ። "የት ልቀመጥ?"

እውነቱን ነው፤ ቦታ የለም። እናቴ መደቡን አየች፤ ቀጥላም በቅሎዋን ከእግር እስከ ራሷ ቃኘቻት።

"በቅሎዋ ድንጋይ ትሸከማለች?" አለች።

በማግሥቱ እኔና አጎቴ ለመደቡ ማስረዘሚያ ከወንዙ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጭነን ወጣን። "አጎቴ፣ አንቱ ይረፉ፣ እኔ እጭናለሁ" ብዬ ብለምነውም አልሰማኝም። "እኅቴን ልወስድ መጥቼ..." እያለ እስከ ዳገቱ ጫፍ አጉረመረመ። ኮርቻው አጎዛው እንደተነጠፈበት በረንዳው ጥግ ውሏል። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ፊቷ ወደ መንገዱ፣ በምርኩዟ እያመለከተች ታዝዘናለች፦

"ያን ሰፊውን ወደ ጫፍ አድርጉት። አባ ዱላቸውን የሚያስደግፉበት ይፈልጋሉ።"