ባቡር የሌለበት ሰዓት

ባለፈው ሳምንት ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ ስወርድ ከፊቴ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ የተለጠፈባት ትንሽ መኪና ነበረች። ትሄዳለች ማለት ይከብዳል፤ ትዘልላለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትዘልላለች። ከኋላዋ ያለው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋባታል። እኔም ልነፋ እጄን ሳነሳ በመስኮቴ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ገባ። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ እንደተለበለበ ፀጉር አፍንጫ ውስጥ ተሰክቶ የሚቀር ሽታ ነው። እጄን መለስኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ነድቼ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ግራ እግሬ በድንገት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለእግሬ ዕድሜዬን የነገረው ሰው የለም መሰለኝ።

እኔ መንዳት ስማር አቃቂ ገና ባቡር ነበራት። አባቴ ሐዲዱ የመኪናውን መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ የበር ጠባቂ ነበር። በር ስላችሁ ግድግዳ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም ብረት ነው። ባቡር ሊመጣ ሲል ከጣቢያው ደወል ይደወልለታል፤ አባቴ መዘውሩን እያዞረ ብረቱን ያወርድና ቀይ ባንዲራውን ይዞ ይቆማል። ባቡሩ ሲያልፍ ብረቱን አንስቶ በአረንጓዴው ባንዲራ መኪኖቹን ያሳልፋል። ኮፍያውን ሳያደርግ መዘውሩን ነክቶ አያውቅም። ሥራውን እንደ ቅዳሴ ነበር የሚይዘው፣ ብንስቅበት ይቆጣ ነበር።

ቤታችን ግድግዳ ላይ ሰዓት አልነበረም፤ አላስፈለገንም። የጠዋቱ ዕቃ ጫኝ ሲያልፍ ለትምህርት ቤት እንወጣለን። ሰው የሚጭነው ሊቶሪና ከቀትር በኋላ ሲመጣ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ፣ እናቴም ወጡን ከእሳት ታወርዳለች። በመሃል ያለው ጊዜ የእኛ ነው። ሐዲዱ መሃል ሱዚ እንዘላለን፤ እናቶች ጠጠሩ ላይ ጆንያ ዘርግተው በርበሬ ያሰጣሉ። ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ሲያየን ይጮህብናል። ደፋሮች ሆነን አልነበረም፤ ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ እናውቃለን፣ አለቀ።

አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ገባሁ። እዚያ አየሩ ነጭ ነው። በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ውስጥ የጥጥ ብናኝ ሲዋኝ ይታያል፤ ሲያዩት ያምራል። ከሥራ ስንወጣ ቅንድባችን ላይ ሳይቀር ተሸክመነው እንወጣ ነበር። በአራተኛው ዓመት ሳል ጀመረኝ። መጀመሪያ የጉንፋን መሰለኝ፤ ጉንፋን ግን እንደዚያ አይቆይም። የፋብሪካው ክሊኒክ ድሬሰር ጀርባዬን አዳምጣ፣ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ፣ «ከብናኙ ውጪ። ካልወጣሽ ይሄ ደረት ሠላሳ ዓመት አያደርስሽም» አለችኝ። ዝም ብላ የምታስፈራራ ሴት አልነበረችም። ከእኔ በፊት እዚያው ማሽን ላይ የነበረችውን ሴት ተሸክመን የቀበርናት እኛው ነን።

ደግነቱ የክሊኒኩ መኪና ሹፌር ጡረታ ሊወጣ ነበር። የጋራዡ ኃላፊ ሲናገር ጠረጴዛ የሚደበድብ፣ ልቡ ግን ቶሎ የሚራራ ሰው ነበር። «መንጃ ፈቃድ ይዘሽ ነይ፣ መኪናዋ ያንቺ ናት» አለኝ። ሴት ሹፌር ብለው የሳቁም ነበሩ። ይሳቁ። እኔ የፈለግሁት መሪ መያዝ ሳይሆን መተንፈስ ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና ቀን የነበረኝ ኩራት ዛሬም ያሳፍረኛል። በተተከሉት ዘንጎች መሃል በኋላ ማርሽ አንዱንም ሳልነካ ወጣሁ። ዳገት ላይ መኪናዋን አስነሳሁ። ፈታኙ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ከ«ግራ» እና ከ«ቀኝ» ሌላ ቃል የማያወጣ ቀጭን ሰውዬ ነበር። ቀጥሎ ወደ አባቴ በር ወሰደኝ። ብረቱ ተነስቷል፤ ሰዓቱም ባቡር የሌለበት ሰዓት ነው። ለአባቴ በአንገቴ ሰላምታ ሰጥቼ፣ ፍሬን ሳልነካ ሐዲዱን ተሻገርኩ።

«አቁሚ» አለኝ ፈታኙ። «ባቡር ቢመጣስ?»

«በዚህ ሰዓት ባቡር የለም» አልኩት፣ ሊመሰገን የሚገባው መልስ የሰጠሁ መስሎኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ውረጂ። የምፈትንሽ የምታውቂውን አይደለም፣ የምታዪውን ነው።»

ሰፈሩ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቀብኝ። የበር ጠባቂው ልጅ በር ላይ ወደቀች ተባለ። አባቴ ግን አልሳቀም። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ «ሰውዬው ልክ ነው። ያበላሸሁሽ እኔ ነኝ፤ በሰዓት ነው ያሳደግኩሽ» አለኝ።

ሁለተኛው ጊዜ ቆምኩ። ነጩ መስመር ላይ ቆሜ ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ፣ ደግሜ ግራ አየሁ። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቅኩት መሰለኝ፣ መኪናዋ ዘልላ ሐዲዱ መሃል ገባችና ሞተሯ ጠፋ። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ አልተነሳም። ደግሜ ሳዞር ከአባቴ ጎጆ ደወሉ ጮኸ።

የጠዋቱ ዕቃ ጫኝ ነበር። በዕድሜዬ ሙሉ ሰዓቱን አጥፎ የማያውቀው ባቡር ያን ቀን አርፍዶ ነው የመጣው።

የፉጨቱን ድምፅ እንዴት ልንገራችሁ። እያንቀላፋሁ ሰምቼው የምስቅለት፣ የቤቴ ድምፅ ነበር እኮ። ያን ቀን ግን ሆዴ ውስጥ ገብቶ ጮኸ። እጄ ቁልፉ ላይ ደረቀ። በሩን ከፍቼ መውረድ እንደሚቻል እንኳ ትዝ አላለኝም። በጎን መስኮቱ ያየሁት አባቴን ነው፤ ቀዩን ባንዲራ እያውለበለበ፣ ሐዲዱን ይዞ ባቡሩ ወዳለበት እየሮጠ። ኮፍያው ወድቋል፣ ራሱ ባዶ ነው። አባቴ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር። ፈታኙ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ገፋ፤ ከመንገድ ሁለት ሰዎች መጥተው አብረውት ገፉ፣ መኪናዋም ወጣች። ኋላ እንደነገሩኝ ባቡሩ የቆመው ኩርባው ጋ፣ በጣም ሩቅ ነው። ለእኔ ግን ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ነበር። ፈታኙ ወረቀቱ ላይ የሚጽፈውን ጻፈ። «ሂጂ፣ ውሃ ጠጪ» ብቻ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ፈሪ ሆንኩ። ወደ ፋብሪካ ስሄድ ሐዲዱን ላለማቋረጥ በድልድዩ ዞሬ እሄዳለሁ። ሊቶሪናው ሲያፏጭ እጄ በላብ ይርሳል፣ ብርጭቆዎቹ ሲንጫጩ ከቤት እወጣለሁ። እናቴ «ይቅርባት» ትል ነበር፤ «ከነሳሏም ትኑርልኝ።» አባቴ ዝም ይላል። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገረም፤ ከሥራ ይመጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ ጥቂት ጎርሶ ይነሳል። እኔም ዝምታውን እንደ ቁጣ ቆጠርኩት።

የጋራዡ ኃላፊ አስጠራኝ። ጠረጴዛውን አልመታም፤ ይህም አስፈራኝ። «ሦስተኛው የመጨረሻሽ ነው። እኔም አለቃ አለብኝ፤ ከወደቅሽ መኪናዋን ለሌላ እሰጣለሁ» አለኝ። ከቢሮው ወጥቼ ወደ ፈትል ክፍል ስመለስ፣ በሩ ላይ ያ ነጭ አየር ፊቴን ሲመታኝ፣ ከፊቴ ሐዲዱ ከኋላዬ ጥጡ እንዳለ ገባኝ። ከሁለቱ የትኛውን ይበልጥ እንደምፈራ አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ፈተና ቀን ጠዋት ቁርስ አልወርድ አለኝ። ያው ቀጭን ፈታኝ ሲያየኝ ሳይወድ ቀበቶውን አጠበቀና ገባ። ዘንጎቹን አለፍኩ። ዳገቱን አለፍኩ። «ቀጥታ» ሲለኝ ወዴት እንደምንሄድ አወቅሁ። ሰዓቱ ባቡር የሌለበት ሰዓት ነበር፤ ዕቃ ጫኙ ጠዋት በሰዓቱ አልፏል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቢሆንም ሰዓት ማመን ካቆምኩ ሰንብቻለሁ።

ነጩ መስመር ላይ ቆምኩ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አዳመጥኩ። ግራ አየሁ፤ ሐዲዱ በፀሐይ ያበራል። ቀኝ አየሁ፤ አንድ ፍየል ጠጠሩ መሃል ሣር ትፈልጋለች። ብረቱ ተነስቷል። አሁን መሄድ ነው። ግራ እግሬ ግን ፍሪሲዮኑ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ መኪናዋም አብራ ትንቀጠቀጣለች፣ የተቃጠለው ሽታ ከወለሉ ይወጣል። ቀና ስል አባቴን አየሁት። መዘውሩ ጋ ቆሞ እኔን ያያል።

ከዚያ መዘውሩን ማዞር ጀመረ። ብረቱ ቀስ እያለ ወርዶ ፊቴ ተዘጋ። አባቴም ቀዩን ባንዲራ ዘረጋ።

ባቡር! አልኩ በልቤ። ደወል ግን አልሰማሁም። ጆሮዬን ወደ ውጭ ሰጠሁ፤ ከፍየሏ በቀር ምንም የለም። ከኋላዬ የጭነት መኪና ቆመ፣ ቀጥሎ አውቶቡስ፣ ቀጥሎ ጭድ የጫነ ጋሪ። ባለጋሪው፣ «አባት፣ ባቡሩ የታለ?» ብሎ ተጣራ። አባቴ ዞሮ አላየውም። ፈታኙ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ ትንንሽ ነበሩ።

«በዚህ ሰዓት ባቡር አለ እንዴ?» አለኝ።

መልሱን አውቃለሁ። የለም ካልኩ አባቴ ያለ ባቡር መንገድ ዘግቷል፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ሰው ከሥራ ይባረራል። አለ ካልኩ ደግሞ የማላየውን አየሁ ማለቴ ነው፤ ውረጂ ይለኛል።

«ባቡር አላየሁም» አልኩት። «በሩ ግን ተዘግቷል፤ ስለዚህ ቆሜያለሁ።»

ፈታኙ እኔን አየ፣ አባቴን አየ፣ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ምን ያህል እንደቆየን እንጃ። ብቻ በዚያ መሃል እግሬ መንቀጥቀጡን ተወ። ደፍሬ አይደለም፤ ፍርሃትም እንደማንኛውም ሥራ ይደክማል።

ብረቱ ተነሳ። አባቴ ግን እንደ ልማዱ በአረንጓዴው አላሳለፈኝም። ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ጎጆው ግድግዳ ዞረ። ፊቱን ያዞረው፣ ለእኔ ብሎ መዝጋቱን ፈታኙ እንዳይነቃ ነው ብዬ አሰብኩ። በአንደኛ ማርሽ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ሐዲዱን አንድ ሁለት ብዬ ተሻገርኩ። ማዶ ስንደርስ ፈታኙ፣ «ነገ ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዘሽ ነይ» አለኝ። መንጃ ፈቃድ ላይ የሚለጠፍ ነው። መንገዱ ዳር አቁሜ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ እሱም እስክጨርስ ጠበቀኝ።

በወሩ ከፈትል ክፍል ወጣሁ። የክሊኒኩን መኪና ለብዙ ዓመት ነዳሁ፤ ሳሉም በዓመት ከመንፈቁ ተወኝ። ይህን ታሪክ በየሠርጉ፣ በየለቅሶው ያልነገርኩት ሰው የለም፤ ሕግ አጥብቆ የሚይዘው አባቴ ልጁ እንድትረጋጋ ብሎ አገር የሚያልፍበትን መንገድ በባዶ ሐዲድ እንደዘጋ። ሰው ይስቃል፣ ያደንቃል። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

ባቡሩ ቀረ። አባቴም አረጀ። ከማረፉ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ይመስለኛል፣ ወንድሜ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ልንጠይቀው ሄደን ስንመለስ፣ ድሮ በሩ በነበረበት ቦታ መንገድ ተጨናንቆ ቆምን። ሐዲዱ አስፋልት ውስጥ ተቀብሮ ጫፉ ብቻ ይታያል። አፍ አውጥቼ አመስግኜው እንደማላውቅ ያኔ ትዝ አለኝ።

«አባባ፣ ያን ቀን በሩን ባትዘጋልኝ እኮ አልሻገርም ነበር» አልኩት።

እጁን ከዘራው ላይ አመቻቸ። «ተይ እንጂ» አለኝ። «እንድትረጋጊ ብዬ አይደለም።»

«ታዲያ?»

«እንዳትሻገሪ ነው። ያንን ባቡር ካየሁ በኋላ… ስትመጪ ሳይሽ እጄ ራሱ አወረደው። ብትወድቂ ግድ አልነበረኝም። ዞረሽ ብትመለሺልኝ ነበር የምፈልገው። ስትሻገሪም አላየሁሽም፤ ማየት አቅቶኝ ግድግዳውን ይዤ ነበር።»

ይህን ሁሉ ዓመት በአገር ፊት ሳወራው፣ ሳስቅበት፣ እሱ ይህንን ይዞ ነው የተቀመጠው። ፍርሃቱ የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ ለምን ከፈትከው?» አልኩት በመጨረሻ።

«ሳልሽ» አለኝ። «መስኮትሽ ክፍት ነበር። ስትስዪ ሰማሁሽ።»

መሳሌን እኔ አላስታውስም።